ልጃችሁ አሜሪካ ውስጥ ሲማር ወላጅ ነቅቶ መጠበቅ ያለበት የት የት ነው?

«ይሄ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ነው፤ የእኛ ልጆች ጎበዞች ናቸው።» ስለ ትምህርት ውጤት ወሬ ሲነሳ ሃበሻ ወላጆች መሃል ይሄ አባባል አይጠፋም። እባካችሁ ይቅርብን። ልጃችሁ አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከገባ፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ተብሎ ነው። በ2024 የወጣው አዲሱ የፌዴራል የዘር መጠይቅ መመሪያ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ምርጫ ጨምሯል፣ ግን እሱም የተቀመጠው እዚያው «ጥቁር» ከሚለው ሥር ነው። አስተማሪዋም ብትሆን የአያቱን አገር ጠይቃ አይደለም ልጁን የምትገምተው። በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል ያለው የውጤት ልዩነት የሚሰፋባቸው በሮች ሁሉ የእኛም ልጆች የሚያልፉባቸው ናቸው።

እነዚህ በሮች የት የት እንደሆኑ፣ እዚያ ስትደርሱም ምን ማለትና ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

አፍ አውጥቶ ባይናገረውም «የጭንቅላት ጉዳይ ነው» ብሎ በሆዱ የያዘ ሰው አለ። አይደለም። ኔፕ የሚባል አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ የአሜሪካ ተማሪዎች ከዘመን ዘመን እንዴት እንደሆኑ የሚታየው በእሱ ነው። በ1971 የ17 ዓመት ነጭና ጥቁር ተማሪዎች በንባብ በ53 ነጥብ ይራራቁ ነበር። በ1988 ልዩነቱ 20 ነጥብ ደረሰ። የሰው ተፈጥሮ በ17 ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው ሌላ ነው። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለያይቶ ማስተማርን የከለከለው የ1954ቱ የብራውን ፍርድ ለዓመታት ወረቀት ላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የደቡብ ትምህርት ቤቶች የምር መቀላቀል ጀመሩ። በ1965 ሄድ ስታርት የሚባለው የድሃ ሕፃናት ቅድመ ትምህርት ተከፈተ። የጥቁር ወላጆች የትምህርት ደረጃም ከፍ አለ። ከዚያ መጥበቡ ቆመ፤ ዛሬም ልዩነቱ አልተዘጋም።

ሥሩ ያለው ሰፈር ላይ ነው። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት የቤት ብድር ተቋም የጥቁር ሰፈሮችን ካርታ ላይ በቀይ እየቀባ «ለብድር አደገኛ» ብሎ መደባቸው። ቤት መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ ለልጁ የሚያወርሰው የለውም። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በ2022 ባካሄደው ጥናት መሃል ላይ ያለው ነጭ ቤተሰብ ሀብቱ 285,000 ዶላር ነው፤ የጥቁሩ 45,000 አይሞላም። ትምህርት ቤት ደግሞ ከገንዘቡ ትልቅ ድርሻ የሚያገኘው ከሰፈሩ የንብረት ግብር ነው። አንድ የሳን አንቶኒዮ አባት ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ «ይሄ ፍትሕ አይደለም» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት በዲትሮይት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የከተማውንና የዙሪያውን ዲስትሪክቶች አንድ ላይ አድርጎ ተማሪ ማቀላቀልን በጣም ገደበው። የስታንፎርዱ ተመራማሪ ሾን ሪርደን መላ አገሪቱን አጥንቶ ያገኘው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰፋው ጥቁር ልጆች ድህነት በተከማቸባቸው ትምህርት ቤቶች ሲታጨቁ ነው።

ይሄን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ልጃችሁ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ «ምን አጎደለበት?» እንጂ «ምን ዓይነት ሰነፍ ነው?» እንዳትሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ቁጣው የሚጀምረው ትምህርት ቤቱ ምን እንዳስተማረ ሳይጠየቅ ነው።

መዋዕለ ሕፃናት ሳይገባ

ልዩነቱ ልጆቹ ኪንደርጋርተን ሲገቡ አብሯቸው ይገባል። ስለዚህ 3 እና 4 ዓመት ላይ ነው ሩጫው። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ሄድ ስታርት ጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ የ3 እና የ4 ዓመት ቅድመ ትምህርት በነፃ አለላችሁ፤ ግን በዕጣ ስለሆነ ምዝገባው የሚዘጋበትን ቀን ከወራት በፊት እወቁ። የቅድመ ትምህርት ጥቅም ወሬ ብቻ አይደለም። ሚሺጋን ይፕሲላንቲ ውስጥ በ1960ዎቹ የተካሄደው የፔሪ ቅድመ ትምህርት ሙከራ 123 ድሃ ጥቁር ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ እስከ ጉልምስናቸው ተከታተላቸው። የተማሩት 40 ዓመት ሲሞላቸው ገቢያቸው የተሻለ፣ ከፖሊስ ጋር ያላቸውም ጣጣ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አማርኛውን አትተዉ። «እንግሊዝኛው እንዳይበላሽ» ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልጅ ማሳደግ ልጁን የቃል ድሃ ያደርገዋል። ሕፃኑ የሚያስፈልገው ብዙ ቃል፣ ብዙ ተረት፣ ብዙ «ለምን?» ነው፤ ያንን ደግሞ ወላጅ አሟልቶ የሚሰጠው በሚችለው ቋንቋ ነው።

የምዝገባው ቀን

ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ እንደሚነገር የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። ብዙ ወላጅ ልጁ ኢሶል ክፍል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ እርዳታ) እንዳይገባ ፈርቶ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። እኔ እውነቱን ጻፉ ነው የምለው። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላው በተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ ቋንቋ ለማይገባው ልጅ እንደ ሌላው መጽሐፍና ወንበር መስጠት ብቻ እኩልነት እንዳልሆነ ወስኗል። እርዳታው መብት ነው።

ግን እዚያ ከገባ በኋላ አትተኙ። ልጁ እርዳታው ሳያስፈልገው ለዓመታት እዚያው ከቆየ ከሌሎች ትምህርቶች ይቀርበታል። ብዙ ግዛቶች ዊዳ የሚባል ተቋም ያዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ፈተና በየዓመቱ ይሰጣሉ፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ እስከ 6 ይለካል። ውጤቱ ሲመጣ አራቱንም ቁጥሮች ጠይቁ። ለመውጣት ስንት ይፈለጋል? የጎደለው የቱ ነው? ብዙ ጊዜ የሚጎትታቸው መጻፍ ነው፤ እንግሊዝኛውን አቀላጥፎ ስለሚናገር ብቻ ወላጅ ያልፋል ብሎ ይዘናጋል።

አስተርጓሚም ጠይቁ። ልጁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ ስለራሱ ጥፋት የሚወራውን እሱ ሲተረጉም ምን ያህሉ እንደሚደርሳችሁ አስቡት። በሜሪላንድ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ዲሲም በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥታለች፣ አማርኛም ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ማንበብ እስከ ሦስተኛ ክፍል

ከሁሉም በላይ ጊዜ የማልቆጥብበት እዚህ ላይ ነው። እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጁ ማንበብ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ሌላውን ትምህርት ሁሉ የሚማረው በማንበብ ነው። ሂሳቡ የቃል ጥያቄ ይሆናል፣ ሳይንሱ ምንባብ ይሆናል። እዚህ የቀረ ልጅ በየክፍሉ እየራቀ ይሄዳል።

እንግሊዝኛችሁ ደካማ ቢሆንም መፈተሽ ትችላላችሁ። ልጁ አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ ስጡትና አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። እናንተ አዳምጡ ብቻ። የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው ፊደሎቹን እያጣመረ ለመጥራት ይሞክራል ወይስ ሥዕሉን አይቶ ይገምታል? ከገመተ ማንበብ አልተማረም፣ መገመት ነው የተማረው። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና ያነበበውን በአማርኛ ይንገራችሁ። ቃሉን ሁሉ አስተካክሎ ጠርቶ ታሪኩን መናገር ካቃተው ያ ሌላ ችግር ነው፤ ትርጉሙ አልገባውም። ሁለቱ መፍትሔያቸው ይለያያል፣ ስለዚህ ለአስተማሪዋ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ንገሯት።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ የንባብ ፈተናውን ውጤት ጠይቁ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚሰጡት አጭር መለኪያ አላቸው። ፊደልና ድምፅን በሥርዓት ያስተምራሉ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ሚሲሲፒን ተመልከቱ። ከአገሪቱ ድሃ ግዛቶች አንዱ ነው፣ ከተማሪዎቹም ግማሽ ያህሉ ጥቁር ናቸው። በ2013 የንባብ ሕግ አወጡ። አስተማሪዎችን በንባብ ሳይንስ አሠለጠኑ፣ ልጆቹን በጊዜ ፈተኑ፣ ለደከሙት ትምህርት ቤቶች የንባብ አሰልጣኝ መደቡ። ከአገሪቱ ግርጌ ላይ የነበረው የአራተኛ ክፍል ንባብ በ2019 ከአገሪቱ አማካይ ጋር እኩል ሆነ፤ በ2024 ደግሞ የሚሲሲፒ ጥቁር ልጆች ከአገሪቱ ጥቁር ተማሪዎች አማካይ በላይ ነበሩ። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው።

አስተማሪዋ ጋ ስትቀርቡ

እኛ አስተማሪ እናከብራለን፣ ጥሩ ነው። ግን አሥር ደቂቃዋን «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው» ተብሎ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን እንወጣለን። ጨዋነቱን እናውቀዋለን። የሚጠየቀው ይሄ ነው፦ በንባብና በሂሳብ ከክፍሉ ደረጃ በላይ ነው፣ እኩል ነው ወይስ በታች? በምን ለካችሁት? የሠራውን አሳዩኝ፣ ከደረጃው ጋር እኩል የሆነ ልጅ የሠራውንም አሳዩኝ። በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ምን ታደርጋላችሁ፣ እኔስ ምን ላድርግ?

ሪፖርት ካርድ ላይ ኤ አይታችሁ አትርኩ። የግዛቱ ፈተና ውጤት ከኤው ጋር ይገጥማል ወይ? ካልገጠመ ኤው የተሰጠው ሆምወርክ ስላስረከበና ስላልረበሸ ሊሆን ይችላል። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ በንባብና በሂሳብ መፈተን የፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው፤ ውጤቱም በዘር ተለይቶ ለሕዝብ ይወጣል። የልጃችሁን ትምህርት ቤት ፈልጋችሁ ጥቁር ተማሪዎቹ እንዴት እንደሆኑ እዩ። የልጁን ሙሉ መዝገብ የማየት መብትም በ1974ቱ ፈርፓ በሚባለው ሕግ አላችሁ፤ ጠይቃችሁ ከ45 ቀን በላይ ሊያዘገዩት አይችሉም።

የአስተማሪ ግምት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጥናት ያንኑ ጥቁር ተማሪ ሁለት አስተማሪዎች እንዲገምቱ አደረገ። ጥቁር ያልሆነው አስተማሪ «የአራት ዓመት ኮሌጅ ይጨርሳል» ብሎ የመገመት ዕድሉ ከጥቁሩ በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። አስተማሪዎቹ ክፉ ሆነው ላይሆን ይችላል። ግን በግምቱ ላይ ተመሥርቶ ነው ማን ከባዱን ትምህርት እንደሚወስድ የሚጠቆመው። ስለዚህ የእናንተን ግምት በግልጽ አሰሟቸው፦ «ይሄ ልጅ ኮሌጅ ይገባል፤ ከባድ ሥራ እንዲሰጠው እፈልጋለሁ።»

የሂሳቡ መንገድ

ሃይስኩል ሲጨርስ ካልኩለስ እንዲወስድ ከፈለጋችሁ በተለመደው አካሄድ አልጀብራን ስምንተኛ ክፍል ላይ መጀመር አለበት። ዘጠነኛ ጂኦሜትሪ፣ አሥረኛ ሁለተኛው አልጀብራ፣ አሥራ አንደኛ ፕሪካልኩለስ፣ አሥራ ሁለተኛ ካልኩለስ። ምድቡ ግን የሚወሰነው አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፣ ብዙ ወላጅ ሳይሰማ። የካቲትና መጋቢት አካባቢ ለካውንስለሩ ኢሜይል ጻፉ፦ ልጄ የሚቀጥለው ዓመት የትኛው የሂሳብ ክፍል ተመደበ፣ በምን መስፈርት፣ ወደ ላይኛው እንዲገባ ምን ይፈለጋል? በቃል ብቻ አትጠይቁ። የተጻፈ ጥያቄ መልስ ያገኛል፣ በኋላም ማስረጃ ነው።

ጊፍትድ የሚባለው፣ ልዩ ተሰጥኦ አላቸው ለሚባሉ ልጆች የሚሰጠው ትምህርትም እንዲሁ ነው። ፍሎሪዳ ብራዋርድ ካውንቲ ቀድሞ ልጆቹን የሚጠቁሙት አስተማሪዎችና ወላጆች ነበሩ። በ2005 ሁለተኛ ክፍል ያለውን ልጅ ሁሉ መፈተን ጀመሩ። ወደ ጊፍትድ የሚገቡት ጥቁር ተማሪዎች በ80 በመቶ፣ ሂስፓኒኮቹ በ130 በመቶ ጨመሩ። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፣ ማንም አላያቸውም እንጂ። በጀት ሲቆረጥና ፈተናው ሲቀር ልዩነቱ ተመልሶ መጣ። ትምህርት ቤታችሁ ሁሉንም የማይፈትን ከሆነ እናንተ ጠቁሙ፤ ወላጅ መጠቆም በብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ሃይስኩል ላይም ኤፒ ለሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ክፍሎች «ይከብደዋል» ቢሏችሁ «እናግዘዋለን፣ አስገቡት» በሉ።

ከክፍል ሲያስወጡት

በ2011–12 የትምህርት ዘመን የፌዴራሉ መረጃ ያሳየውን ልንገራችሁ። ከቅድመ ትምህርት ሕፃናት ጥቁሮቹ 18 በመቶ ነበሩ። ከአንድ ጊዜ በላይ ከትምህርት ከታገዱት ሕፃናት ግን 48 በመቶዎቹ እነሱ ነበሩ። አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው! ክፍል ውስጥ የሌለ ልጅ አይማርም፤ ልዩነቱ በዚህም በኩል ይሰፋል።

ስልክ ሲደወልላችሁ መጀመሪያ ልጁን አትምቱ፣ አትጩኹበትም። በ1975 ጎስ በተባለው የኦሃዮ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል፦ ለአጭር ጊዜ የሚታገድ ተማሪም ቢሆን የተከሰሰበት ሊነገረው፣ ማስረጃው ሊገለጽለት፣ የራሱንም ወገን ሊናገር ይገባል። «ምን አደረገ ተባለ፣ ማን አየ፣ የእሱን ቃል ሰማችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በጽሑፍም አስልኩ። ያልገባችሁን ወረቀት እዚያው አትፈርሙ፤ በአስተርጓሚ አንብቤ እመለሳለሁ በሉ። ሌላ ልጅ ያንኑ አድርጎ ምን ተደረገ የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በእርጋታ ከተጠየቀ።

ልጁ ደጋግሞ ከተቸገረ ደግሞ የመማር ችግር ወይም የትኩረት ችግር ሊኖርበት ይችላል። እኛ ዘንድ ይሄ እንደ ነውር ስለሚታይ ይደበቃል። አትደብቁት። «ለልዩ ትምህርት አገልግሎት እንዲገመገም እጠይቃለሁ» ብላችሁ ቀን ያለበት ደብዳቤ ስጡ። ለግምገማው የፈቃድ ቅጹን ከፈረማችሁ በኋላ ግዛቱ ሌላ ቀን ካልወሰነ በ60 ቀን ውስጥ መገምገም አለበት፤ አይኢፒ በሚባለው፣ ለልጁ የተለየ የትምህርት ዕቅድ በሚወጣበት ስብሰባ ላይም አስተርጓሚ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ልጁን የመማር ችግር አለበት ማለት አይቻልም። በአማርኛም እንዲገመገም ጠይቁ።

መቅረት እና ጥናት

ከትምህርት ቀኑ 10 በመቶ የቀረ ልጅ «አዘውትሮ የሚቀር» ተብሎ ይመዘገባል። በ180 ቀን 18 ቀን ማለት ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ሄዶ አራት የትምህርት ሳምንት የቀረ ልጅ በአንድ ጉዞ ይሄን አለፈው። ሂዱ፣ ዘመድ ይወቁ፣ ግን ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌ አካባቢ አድርጉት።

ቲውተር ስትፈልጉ በሳምንት አንድ ቀን ሃያ ልጅ ሰብስቦ ከሚያስጠና ቦታ ብዙ አትጠብቁ። ጥናት ተደርጎበት ጥሩ ውጤት የታየው በቺካጎ ሃይስኩሎች ነው፤ አንድ አስጠኚ ለሁለት ልጅ፣ በየቀኑ፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ። በየቀኑ ባይሆን እንኳ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያው አስጠኚ፣ ክፍል ከሚማረው ጋር የተያያዘ ይሁን። ትምህርት ቤቱ ራሱ በነፃ ካለው መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ብቻችሁን የማትችሉት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የራሳችሁን ልጅ ያሻግራል። ወላጁ ሁለት ሥራ የሚሠራውን፣ ይሄን የሚነግረው ያጣውን ልጅ ግን አያሻግርም። ለእሱ የሚያስፈልገው በጀት፣ ትንሽ ክፍልና ጥሩ አስተማሪ ነው። ገንዘብ ለውጥ የለውም የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትመኑት። የአንድ ተማሪ ወጪ ለ12 ዓመት በ10 በመቶ በጨመረባቸው ቦታዎች ልጆቹ ሲያድጉ ደመወዛቸው በ7 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል፤ ለድሆቹ ከዚያም በላይ። ቴኔሲ ከ1985 ጀምሮ ሕፃናትን በዕጣ ከ13 እስከ 17 ልጅ ባለበትና ከ22 እስከ 25 ልጅ ባለበት ክፍል አስቀምጦ ሲያስተያይ፣ በትንሹ ክፍል የተማሩት በለጡ፤ ትርፉም ለጥቁር ልጆች የበለጠ ነበር። በዚያው ሙከራ ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጥቁር አስተማሪ የደረሳቸው ጥቁር ልጆች ሃይስኩል የመጨረስ ዕድላቸው ጨመረ። ዛሬ ግን ከአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ጥቁሮቹ ከ100 ውስጥ 6 ያህል ናቸው። መምህርነት የተማራችሁ አገር ቤት ከሆነ ፈቃዱን እዚህ አውጡ፤ ረዳት አስተማሪነት ጥሩ መግቢያ ነው።

ትምህርት ቤቶቹን በሚያስተዳድረው ስኩል ቦርድ ስብሰባ ላይ በብዙ ቦታ ማንም ወላጅ ቀድሞ ተመዝግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማኅበር፣ የሰፈር ዕድር ካላችሁ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሂዱ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ወላጆች ብዙ ቦታ ቀድመው እዚያ አሉ፣ አብራችኋቸው ቁሙ። ብዙ ጥያቄ አትደርድሩ። ባለፈው ዓመት በዚህ ዲስትሪክት ስምንተኛ ክፍል ሳይጨርሱ አልጀብራ የወሰዱ ጥቁር ተማሪዎች ከመቶ ስንት ናቸው፣ ነጮቹስ? መልሱን በጽሑፍ አስሰጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ሄዳችሁ ያንኑ ጠይቁ።